ውሻ ልያዝ ወይስ ይቅርብኝ? ከመወሰናችሁ በፊት አምስት አማራጮችና አንድ «ምንም»

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ባለፈው ሰሞን ስልኳን ከፍታ አራት ፎቶ አሳየችኝ። አንድ ጆሮው ብቻ የቆመ ጀርመን ሸፐርድ ቡችላ። ጥጥ የመሰለች ማልቲስ። የእናቷ ጎረቤት ውሻ የወለደቻቸው ቡናማ ቡችሎች። አንዲት ግራጫ ድመት። «የቱን ልውሰድ?» አለችኝ።

የምትኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ወጥታ ማታ አንድ ሰዓት ትገባለች። «ለምን ፈለግሽው?» አልኳት። ትንሽ ቆየችና «እንጃ፤ ቤቱ ጭር አለብኝ» አለች።

ቤቱ ጭር ያለው እሷ ስለሌለች ነው። ውሻው ቢመጣ ደግሞ በዚያው ጭር ባለ ቤት ብቻውን አሥራ ሁለት ሰዓት ሊቀመጥ ነው። ይህን ስነግራት ሳቀች፤ ግን ስልኳን ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለን ያወራነውን ነው እዚህ የማሰፍረው። ጉዳዩን የማውቀው ከአዲስ አበባ አንጻር ስለሆነ ምሳሌዎቼም ከዚያው ናቸው።

## መጀመሪያ መስፈርቱ

ጠባቂ ነው ወይስ ጓደኛ? ብዙ ሰው «ሁለቱንም» ይላል። ይቻላል። ግን አብዛኛው ጸጸት የሚመጣው ከዚህ «ሁለቱንም» ነው። ጓደኛ ይሆነናል ብለን ቡችላ እናመጣለን። ስድስት ወር ሲሞላው ጫማ ይበላል፣ እንግዳ ላይ ይዘላል። በሰንሰለት እናስረዋለን። ከዚያ በኋላ ቀን ታስሮ ማታ የሚፈታ «ጠባቂ» ይሆናል። ቀኑን ሙሉ የታሰረ ውሻ በነፋስም፣ በቆሻሻ ሰብሳቢውም፣ በድመትም ይጮኻል። ሁልጊዜ የሚጮኽን ውሻ ደግሞ ጎረቤቱም ሌባውም መስማት ያቆማሉ። ጠባቂም አልሆነ፣ ጓደኛም አልሆነ።

ስለዚህ አንዱን አስቀድሙ። ለጥበቃ ከሆነ የምትፈልጉት የሚናከስ ውሻ አይደለም፤ በሩ ላይ ሰው ሲቆም የሚያስታውቅ ውሻ ነው። ይህን ማንኛውም ጤነኛ ውሻ ይችለዋል። ለጓደኝነት ከሆነ ደግሞ ዋናው ጥያቄ ዘሩ ሳይሆን ሰዓታችሁ ነው።

ስንት ዓመት? ደህና የተያዘ ውሻ ከ10 እስከ 13 ዓመት ይኖራል፤ ትንንሾቹ ከዚያም ያልፋሉ። አሁን አንደኛ ክፍል ያለ ልጃችሁ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስ ውሻው ሊኖር ይችላል ማለት ነው። ልጁ «እኔ ነኝ የማበላው» ብሎ ይምላል። ልጅ ነው፣ ይምላል። በአራተኛው ወር ውሻው የእናት ይሆናል።

ቤቱ ውስጥ ያለው ማነው? ይህ እኛ አገር ከቦታ ስፋት በላይ ይከብዳል። በኦርቶዶክስ ቤት ብዙ አያቶች ውሻ ግቢ ይኑር እንጂ ሳሎን ገብቶ ምንጣፍ ላይ ሲተኛ ማየት አይፈልጉም። በሙስሊም ቤት ለጥበቃ፣ ለከብትና ለአደን ውሻ መያዝ ይፈቀዳል። ምራቁ ግን ሻፊዒ በሚባለው መዝሀብ (የእስልምና ሕግ ትምህርት ዘርፍ) ነጃሳ፣ ማለትም ርኩስ ነው፤ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱ በአፈር፣ ይታጠባል። በዚህ በኩል ድመት ቀላል ናት። አብረዋችሁ የሚኖሩ ትልቅ ሰው ካሉ ቡችላውን በካርቶን ይዛችሁ ከመግባታችሁ በፊት ጠይቋቸው። «ካዩት ይወዱታል» የሚለው ዘዴ አንዳንዴ ይሠራል። ካልሠራ ግን ዋጋውን የሚከፍለው ውሻው ነው።

ኃላፊነቱስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 እንስሳ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ እንስሳው ድንገት አምልጦ ቢሆንም እንኳ። «በሩ ተከፍቶ ነው» የሚል መልስ አያድንም። ግቢያችሁ በር የማይዘጋ ተከራይ ካለበት ይህንን አስቡበት።

ምግቡና ሕክምናው ረዘም ያለ ወሬ ስላላቸው ለብቻ ልመልሳቸው።

## ምግብ፤ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ነው

ዋጋ በብር አልጽፍም። ዛሬ የጻፍኩት ለሚቀጥለው ፋሲካ ተረት ይሆናል። በኪሎ እናስላው።

30 ኪሎ የሚመዝን ያደገ ውሻ በግምት በቀን 400 ግራም ደረቅ የውሻ ምግብ ይበላል። በዓመት 146 ኪሎ ነው። አራት ኪሎ የምትመዝን ትንሽ ውሻ 80 ግራም ገደማ ትበላለች፤ በዓመት 30 ኪሎ አይሞላም። የሰፈራችሁን ሱፐርማርኬት ዋጋ በእነዚህ ቁጥሮች አባዙት። ብዙ ሰው ሐሳቡን የሚቀይረው እዚህ ጋ ነው።

«ትርፍራፊ ይበላላ!» የሚለውን እሰማለሁ። እኔም ያደግኩት እንደዚያ ባለ ቤት ነው። ግን የእኛን ትርፍራፊ ቆም ብለን እንየው። ወጣችን በሙሉ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ጥሬም ይሁን የበሰለ፣ የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። አንድ ቀን የቀመሰ ውሻ ላይሞት ይችላል። በየቀኑ ቁሌት የሚበላ ውሻ ግን ቀስ በቀስ ደሙ ሊያንስ ይችላል። በዚህ ላይ በርበሬው አለ። ጾሙም አለ። የሁዳዴ 55 ቀን ቤቱ ሲጾም የትርፍራፊው ውሻ አብሮ ይጾማል። እሱ አልተሳለም፣ አልተናዘዘም፤ ሽሮ ብቻ እየበላ ጎድን አጥንቱ ይቆጠራል።

መካከለኛው መንገድ ቀላል ነው። ከሉካንዳ ቤት የሚገኝ ርካሽ ሥጋና የሆድ ዕቃ፣ ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ፣ ያለ ሽንኩርት፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ ጨው። በትልቅ ድስት ቀቅሎ ለሦስት ቀን ፍሪጅ ማስቀመጥ ይቻላል። ጊዜ ይፈልጋል እንጂ ከታሸገው በብዙ ይረክሳል። ለቡችላ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ለአጥንቱ የሚሆን ካልሲየም ስለሚጎድለው የእንስሳት ሐኪም አማክሩ። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት አትስጡ፤ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ቸኮሌት፣ ዘቢብና የቡና አተላም ከአጠገቡ ይራቁ።

አንድ ነገር ግን በደንብ ልናገር። ለበዓል በግ ስናርድ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይገኛል። «ይሄ አይበላም» ብለን ወዲያው ለውሻ እንወረውራለን። ያ ከረጢት ውስጥ ያለው የትል እጭ ነው። ውሻው አንጀት ውስጥ አድጎ እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ይወጣል። ከዚያ በእጅ፣ በአትክልት፣ በውሃ ወደ ሰው ይገባል። ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት ይሠራል፤ ሲብስ በቀዶ ሕክምና ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከረጢት ያለበት ጉበትና ሳንባ ይቀበር ወይም ይቃጠል። ሌላውም የሆድ ዕቃ በደንብ ሳይቀቀል ለውሻ አይሰጥ። ውሻውም የትል መድኃኒት በየጊዜው ይውሰድ።

## ሕክምና

የመጀመሪያው ዓመት ውድ ነው። ቡችላ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ዕድሜው ጀምሮ፣ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ፣ አሥራ ስድስት ሳምንት እስኪሞላው ድረስ ይከተባል። ይህ ፓርቮና ዲስቴምፐር የሚባሉትን ቡችላ የሚገድሉ የቫይረስ በሽታዎች ለመከላከል ነው። በ12 ሳምንቱ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል። እሱ በዓመቱ ይደገማል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ክትባቱ ዓይነት በየዓመቱ ወይም በየሦስት ዓመቱ።

ፓርቮ ምን እንደሆነ የማውቀው በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ከዓመታት በፊት ከአንድ ሻጭ ቡችላ ገዛሁ። «ሁለት ጊዜ ተከትቧል» ተባልኩ። ወረቀቱን ስጠይቅ «እልክልሃለሁ» አለኝ። በአራተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረ፣ በአምስተኛው ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ በስድስተኛው ሞተ። ወረቀቱ እስካሁን አልመጣም። ከዚያ ወዲህ የምለው አንድ ነው፦ የክትባት ካርድ በእጃችሁ ካልገባ አልተከተበም ብላችሁ ቁጠሩት። ቫይረሱ መሬት ላይ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይቆያል። ግቢያችሁ ውስጥ በዚህ በሽታ ቡችላ ከሞተ ክትባቱን ያልጨረሰ ሌላ ቡችላ አታስገቡ።

የእብድ ውሻ በሽታ ደግሞ ቀልድ የለውም። በሰው ላይ ከሚከሰተው እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ከውሻ የመጣ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብ፤ ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ፓስተር የምንለው የዛሬው የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ስሙ ከዚህ በሽታ ጋር ተያይዞ የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ጸበሉም ይሂዱ፣ ባህል ሐኪሙም ጋ ይሂዱ፤ ክትባቱን ግን በእነሱ አታዘግዩት። የነከሰውን ውሻ ደግሞ ባለቤቱ ከታወቀ ቶሎ አትግደሉት። ታስሮ ለአሥር ቀን ይታይ። በአሥር ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነ ሲናከስ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው።

በነገራችን ላይ ይህ ክትባት የሚጠብቀው ሰውን ብቻ አይደለም። በመላ አገሪቱ ያደጉት ቁጥራቸው 500 የማይሞላው ቀይ ቀበሮ በባሌ ተራሮች በተደጋጋሚ ያለቀው ከገበሬ ውሾች በተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስቴምፐር ነው።

አብዛኛው የአገራችን የእንስሳት ሕክምና የተዘረጋው ለከብት፣ ለበግና ለዶሮ ነው። ከትልልቅ ከተሞች ውጭ ከሆናችሁ መጀመሪያ ውሻ የሚያይ ክሊኒክ ፈልጉ፣ ከዚያ ውሻ።

## አማራጮቹን አንድ በአንድ

### የሀበሻ ቡችላ

«ዘር የለውም» ይባላል። ዘር የለውም ማለት ግን ለትርዒት ተብሎ ከወንድምና ከእህቱ ጋር አልተዳቀለም ማለትም ነው። አጭር ጸጉር፣ መካከለኛ ቁመት፣ ጠንካራ ሆድ። የአዲስ አበባን የሐምሌ ብርድም የአዳማን ሙቀትም ይችላል። ድምፁ በቂ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ይገኛል፤ ለወጉ ያህል ሳንቲም እጅ ላይ ይደረጋል።

ችግሩ ቡችሎቹን በጣም በልጅነታቸው መውሰዳችን ነው። ዓይናቸው የሚገለጠው በሁለት ሳምንታቸው ነው፤ እኛ በሦስተኛው ሳምንት በፌስታል ይዘናቸው እንሄዳለን። ከዚያ የላም ወተት እናጠጣቸውና ያስቀምጣቸዋል። ስምንት ሳምንት ይሙላቸው። ከእናታቸውና ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ነው ሳይጎዱ መንከስን የሚማሩት። ከሦስተኛው እስከ አሥራ አራተኛው ሳምንት ያለው ጊዜ ደግሞ ሰው፣ ልጅ፣ ባጃጅ፣ ርችት፣ ዣንጥላ የሚለምዱበት ነው። በዚያን ጊዜ ታስሮ ያደገ ቡችላ በኋላ ሁሉንም ይፈራል። የሚናከሰው ብዙውን ጊዜ ፈሪው ነው።

ስለ ጠባዩ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቡችላውን ሳይሆን እናቱን እዩ። ባለቤቷ ሲጠራት ትመጣለች? እንግዳ ስታይ ትጮኻለች ወይስ ትደበቃለች?

ወንድ ነው ሴት? ሁሉም ሰው ወንድ ይፈልጋል፤ ሴቶቹ ገበያ ዳር ይጣላሉ። ምክንያቱ ይገባኛል። ሴት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል ለሦስት ሳምንት ወንድ ትፈልጋለች፤ የሰፈሩ ውሻ በሙሉ በራችሁ ላይ ይሰለፋል። ከ63 ቀን በኋላ ስድስት ቡችላ። ግን ይህ በአንድ ቀዶ ሕክምና ያልቃል። የመከነች ሴት ውሻ ከግቢ አትጠፋም፣ እንደ ወንዱ ሽታ ተከትላ አትዞርም። ለጥበቃ እኔ ብጠየቅ እሷን ነው የምመርጠው።

### ያደገ የሰፈር ውሻ

ሰው የማያስበው አማራጭ ነው። በሰፈሩ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሱቁ በር ላይ የሚተኛ አንድ ውሻ አለ። ጠባዩ ተፈትኗል፣ መኪና ማለፍ ያውቃል፣ የፓርቮን ዕድሜ አልፏል። ጫማ የሚበላበትን ዘመንም ጨርሷል።

ከማስገባታችሁ በፊት ክትባትና የትል መድኃኒት ይሰጠው፤ ቁንጫና መዥገሩም ይራገፍ። የእብድ ውሻ በሽታ ውስጥ ለውስጥ ወራት ሊቆይ ስለሚችል በመጀመሪያዎቹ ወራት ጠባዩ በድንገት ከተቀየረ፣ ለሃጩ ከበዛ ወይም መዋጥ ካቃተው አትንኩት፤ ሐኪም ጥሩ። ነጻነት የለመደ ውሻ ስለሆነ ሰንሰለት ያሳብደዋል። በር ሲከፈት ወጥቶ ይዞራል፣ ማታ ይመለሳል። ይህን መቀበል ካልቻላችሁ ተዉት።

### ትልቅ የፈረንጅ ዘር

ጀርመን ሸፐርድ፣ ሮትዋይለር እና መሰሎቻቸው። ጀርመን ሸፐርድ በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ በግ ለማገድ የተዳቀለ ውሻ ነው። ቀኑን ሙሉ መንጋ ሲከብ የሚውል ማለት ነው። እኛ ሁለት በሦስት በሆነ ቆርቆሮ ቤት እንዘጋዋለን። ከዚያ «ተናካሽ ሆነ» እንላለን።

ጥሩ አሠልጣኝ፣ ሰፊ ግቢና በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ካላችሁ ከእነዚህ የሚበልጥ ውሻ የለም። አስተዋይ ናቸው፣ ይታዘዛሉ፣ መልካቸው ብቻ ሌባ ይመልሳል። ከሌላችሁ ግን 35 ኪሎ የሆነ ትርፍ ጉልበት ግቢያችሁ ውስጥ እየዞረ ነው። የዳሌ መገጣጠሚያ ችግር በዘር ይወርዳል፤ በአምስትና በስድስት ዓመታቸው ከኋላ እግራቸው የሚደክሙ አይቻለሁ። ሻጩ «ንጹህ ዘር» ሲላችሁ እናትና አባቱን አሳየኝ በሉት። «አባቱ ውጭ አገር ነው» ካለ ተመለሱ።

ሌላም አለ። ውድ ውሻ ራሱ ይሰረቃል። ሌባ እንዲጠብቅ የገዛችሁት ውሻ ዘበኛ ይፈልጋል።

### ትንሽ የቤት ውስጥ ውሻ

ማልቲስ፣ ቺዋዋ እና ቅልቅሎቻቸው። ምግባቸው ትንሽ፣ ቦታቸው ትንሽ። ለኮንዶሚኒየም የሚሆን ውሻ ካለ እነዚህ ናቸው። ጊዜያቸው ግን ትንሽ አይደለም። የማልቲስ ጸጉር በየቀኑ ካልተበጠረ ተጠላልፎ ቆዳዋን ይጎትታል። ጥርሳቸው ቶሎ ይበላሻል። ብቻቸውን ሲቀሩ የሚጮኹት ጩኸት በደረጃው ተስተጋብቶ አራተኛ ፎቅ ይደርሳል። የነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ አጀንዳ መሆን ካልፈለጋችሁ ደንቡን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ከፎቅ አውርዳችሁ ስታንሸራሽሩ ደግሞ የሰፈር ውሾች አሉ። እቅፍ ውስጥ ሆና ነው የምትዞረው።

አፍንጫቸው የተደፈጠጡትን ቡልዶግንና ፐግን ድሬዳዋ ላላችሁ አልመክርም። በሙቀት መተንፈስ ያቅታቸዋል።

### ድመት

አይጥ ታጠፋለች፣ ራሷን ታጥባለች፣ ዓይነ ምድሯን ትቀብራለች፣ ብቻዋን መዋል ትችላለች። እርጉዝ ሴት ቤት ውስጥ ካለች የድመቷን አሸዋ ሌላ ሰው ይቀይር። ድመትም የእብድ ውሻ በሽታ ይይዛታል፤ ትከተብ። በር ላይ ግን አትጮኽም። ስትጠሯትም አትመጣም፤ ሲመቻት ትመጣለች።

### ምንም

ለጥበቃ ብቻ ከሆነ ከጎረቤት ጋር ተዋጥቶ የሚቀጠር ዘበኛ፣ ሰው ሲያልፍ የሚበራ መብራት፣ ደህና ቁልፍ። እነዚህ አይራቡም፣ ለዓመት በዓል ክፍለ ሀገር ስትሄዱ «ማን ያብላልኝ?» አያስብሉም። ብዙ ሰው ውሻ የሚይዘው እነዚህን ሳያስብ ነው።

## በአንድ ገጽ ሲታይ

| አማራጭ | ቦታ | በቀን የሚወስደው ጊዜ | መነሻ ወጪ | ቀጣይ ወጪ | ለማን |
|---|---|---|---|---|---|
| የሀበሻ ቡችላ | ግቢ | ለስድስት ወር ብዙ፣ ከዚያ መካከለኛ | ክትባት ብቻ | ዝቅተኛ እስከ መካከለኛ | ግቢ ላለው ቤተሰብ |
| ያደገ የሰፈር ውሻ | ግቢ፣ ክፍት በር | ትንሽ | ክትባትና ትል መድኃኒት | ዝቅተኛ | ቡችላ ለማሳደግ ጊዜ ለሌለው |
| ትልቅ የፈረንጅ ዘር | ሰፊ ግቢ | ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ሥልጠና ሳይጨምር | በጣም ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ | ልምድና ገንዘብ ላለው |
| ትንሽ የቤት ውሻ | ክፍል ይበቃል | ሰው ቤት መዋል አለበት | ከፍተኛ | መካከለኛ | ቤት ለሚውል፣ ለጡረተኛ |
| ድመት | የትም | ትንሽ | ዝቅተኛ | ዝቅተኛ | ለሠራተኛ፣ ለኮንዶሚኒየም |
| ምንም | — | — | እንደ መብራቱና ዘበኛው | የታወቀ | ጥበቃ ብቻ ለሚፈልግ |

## እንደ ኑሯችሁ

ግቢ አላችሁ፣ ገቢያችሁ መካከለኛ ነው፣ ልጆች አሏችሁ፦ ስምንት ሳምንት የሞላት ሴት የሀበሻ ቡችላ። ክትባቷን ጨርሱ፣ ዓመት ሳይሞላት አስመክኗት። ለአንድ ጀርመን ሸፐርድ መግዣ ያሰባችሁት ገንዘብ የእሷን ብዙ ዓመት ይሸፍናል።

የከተማ ዳር ላይ፣ እንጦጦ አካባቢ ወይም ጅብ በሚደርስበት ሰፈር ከሆናችሁ፦ የትኛውም ውሻ ቢሆን ማታ አስራችሁ ውጭ አትተዉት። የታሰረ ውሻ ለጅብ የተዘጋጀ ራት ነው። የሚዘጋ ቤት ሥሩለት።

ግቢ የላችሁም፣ ቀን ቤት ማንም አይውልም፦ ድመት፣ አለዚያ ምንም። ሁለት ድመት ብትሆን ደግሞ የተሻለ።

ተከራይ ናችሁ፦ ቀጣዩ አከራይ ውሻ ላይቀበል ይችላል። ቤት ስትቀይሩ ቀድሞ የሚጣለው ውሻው ነው። የራሳችሁ ግቢ እስኪኖር ጠብቁ።

ፕሮሰስ ላይ ናችሁ፦ ዲቪ ደርሷችሁ ወይም የቤተሰብ ጉዳይ ከፍታችሁ ከሆነ አሁን ውሻ አትያዙ። ይዛችሁ እሄዳለሁ ካላችሁም መንገዱ ረጅም ነው። አሜሪካ ኢትዮጵያን የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች ትቆጥራለች። ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሻው ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው፣ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚገባ መለያ) የተደረገለት መሆን አለበት። እዚህ የተከተበ ከሆነ የደም ምርመራና የሚያርፍበት የተወሰነ አየር ማረፊያ ይጠየቃል፤ የደም ውጤት ከሌለው ኳራንቲን አለ። ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች ደግሞ ከክትባቱ 30 ቀን በኋላ ደም ተወስዶ፣ ከዚያ ሦስት ወር ይጠበቃል። የሰውየው ቪዛ በአንድ ሳምንት ሲመጣ የውሻው ወረቀት ገና መጀመሩ ነው።

አሁንም ያመነታችሁ ካላችሁ አንድ ፈተና አለኝ። ለ14 ቀን ውሻ ሳይኖራችሁ ውሻ እንዳላችሁ ኑሩ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ተነሥታችሁ ለሃያ ደቂቃ ውጭ ተራመዱ፤ ዝናብም ቢሆን። ማታ ከሥራ ስትገቡ ልብስ ሳትቀይሩ ሌላ ሃያ ደቂቃ። በየሦስት ቀኑ አንድ ድስት ሩዝ ቀቅሉ። የምግቡን ሒሳብ በየቀኑ ከደሞዛችሁ ላይ አንሥታችሁ ለብቻ አስቀምጡ። ቅዳሜ ሠርግ፣ እሑድ ለቅሶ ሲኖር ማን እንደሚተካችሁ በስም ጻፉ።

ባልደረባዬ በአምስተኛው ቀን አቆመች። ስድስተኛው ቀን ላይ ደውላ «ሩዙን ለማን ልስጠው?» አለችኝ። ሕንጻቸው ሥር የምትተኛ አንዲት ነጭና ጥቁር ውሻ ነበረች፤ ለእሷ ሰጠቻት። አሁን አምስት አባወራ ሆነው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ያዋጣሉ። ውሻዋ ተከትባለች፣ ካርዷም ዘበኛው ጋ ተቀምጧል። ስሟ ላይ ግን እስካሁን አልተስማሙም። አንደኛ ፎቅ ቡቺ ይላታል፤ ሦስተኛ ፎቅ ሌላ ነው የሚላት፤ እሷ ለሁለቱም ትመጣለች።